እንጦጦ ላይ ድብ የለም፤ ዳመናውና ጅቡ ግን ሰዓት አላቸው

እሑድ ማለዳ መስቀል አደባባይ የቆመ ሰው አያጣቸውም። ቦርሳ አዝለው፣ ስኒከር አድርገው፣ በየጥጉ ተሰብስበው ሚኒባስ የሚጠብቁ ወጣቶች። አንዱ ቡድን ወደ እንጦጦ ነው። ሌላው ወደ ወጨጫ ወይም ወደ የረር። ራቅ ያለው ዝቋላ ድረስ ይሄዳል። ሃይኪንግ ይሉታል። ድሮ የፈረንጅ ሥራ ይመስለን ነበር። አሁን የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ አዲስ የተጋቡት ሁሉ በቴሌግራም ተመዝግበው ተራራ ይወጣሉ።

ደስ የሚል ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከጠረጴዛ ያልተነሳ ሰው እሑድን ከዛፍ ሥር ካሳለፈ ሰኞ ፊቱ ሌላ ነው። እኔም ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ ነኝ። ስለምወደው ነው ይህን የምጽፈው።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ሁለት ጥያቄ ይነሳል። "ዝናብ ቢመጣስ?" እና "አውሬ ቢያጋጥመንስ?" ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ የተለቀመ ነው። ካናዳ ተራራ ላይ ስላለ ሰው የተሠራ ቪዲዮ ታይቶ እንጦጦ ላይ ይተረጎማል። እኔ ደግሞ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ እንዳላቸው የተማርኩት ተራራው ላይ ነው፣ ያውም በብርድ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ነበር። ቀጠሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ስታዲየም ፊት ለፊት። እኔ በሰዓቱ ደረስኩ። "ሁለት ሰው ቀርቷል" ተባለ። ጠበቅን። እነሱ ሲመጡ ሌላ ሦስት ሰው መንገድ ላይ ነው ተባለ። ከመስቀል አደባባይ ስንነሳ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሽሮሜዳ ደግሞ ዳቦና ውሃ ለመግዛት ቆምን። መራመድ ስንጀምር 4 ሰዓት አልፏል። ማንም አልከፋውም። ፀሐይዋ ደማቅ ነበረች፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

7 ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ላይ ነበርን። ከተማዋን ቁልቁል እያየን ፎቶ ስንነሳ ከጀርባችን ያለውን ሰማይ ያየ ሰው አልነበረም። ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ከዚያ ነጎድጓድ። ከዚያ በረዶ። ሽምብራ የሚያካክል በረዶ ነበር፤ መሬቱን በደቂቃ ውስጥ ነጭ አደረገው። ቀጥሎ ዶፍ ዝናብ። ሲያባራ ጉም ወረደ፤ የመጣንበት መንገድ ጠፋን።

አብራን አንዲት ልጅ ነበረች። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ለብሳለች። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች። ሳቅንባት፣ እሷም ሳቀች። በኋላ መንቀጥቀጧን አቆመች። "ሞቀሽ እንዴ?" አልናት። የመለሰችው አልገባንም፤ ቃላቷ ይምታቱ ነበር። ደክሟት ነው ብለን አለፍነው።

ሲመሽ ገና ባሕር ዛፉ ውስጥ ነበርን። ከታች ከገደሉ የጅብ ድምፅ ተሰማ። አንድ፣ ቆየት ብሎ ሌላ። አስጎብኚያችን ሰብሰብ አደረገንና "ከመጣ መሬት ላይ ተኙ፣ የሞታችሁ ምሰሉ" አለ። ያን ጊዜ ነው አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያሉት። ቤታቸው እዚያው አካባቢ ነው።

"ልጆቼ፣ በዚህ ሰዓት ምን ትሠራላችሁ?"

"ጅብ ሰምተን ነው፣ እማማ።"

ዞር ብለው ልጅቷን አዩ። እጇን ያዙ። "ጅቡን ተዉት። እኔን ያስፈራኝ የዚች ልጅ ዝምታ ነው" አሉ።

ቤታቸው ወሰዱን። የረጠበ ልብሷን አውልቀው በደረቅ ጋቢ ጠቀለሏት። ትኩስ ሻይ በስኳር በትንሽ በትንሹ አጠጧት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ንግግሯ ተስተካከለ። እኛ አሥራ ስድስት ሰዎች፣ ብዙዎቻችን ዲግሪ ያለን፣ ያላየነውን እሳቸው በአንድ እይታ አዩት።

የልጅቷ ችግር የሰውነት ሙቀት መውረድ ነው። ብዙ ሰው ይህ የሚሆነው በረዶ በሞላበት አገር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። 10 ዲግሪ ላይ፣ ዝናብና ነፋስ ካለ በደንብ ይሆናል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። የረጠበ ልብስ ሰውነት ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ሲመጥ ይውላል። በመጀመሪያ ሰውነት በመንቀጥቀጥ ይከላከላል። መንቀጥቀጡ ሰው ሳይሞቅ ሲቆም ነው አደጋው። ሰውየው ይንተባተባል፣ ይደናቀፋል፣ አንዳንዴም ጃኬቱን ላውልቅ ይላል። እኛ "ዝም አለች፣ ተሻላት" ያልነው የከፋው ምልክት ነበር።

መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ፒያሳ ማኪያቶ ስትጠጡ የተሰማችሁ አየር እላይ 5 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ የበረታ ይመስላል። ታሪካችንም ይህን ያውቃል። ምኒልክና ጣይቱ ከአዲስ አበባ በፊት የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶ እጥረቱ አስቸገረ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ነው አዲስ አበባ የጀመረችው። ከተማችን ራሷ የተራራ ብርድ ሸሽታ የወረደች ናት።

የአየሩ መለዋወጥ ደግሞ ዝም ብሎ የተፈጥሮ ጠባይ ክፉነት አይደለም። አሠራር አለው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። የሞቀው መሬት አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ይቀላል፣ ሽቅብ ይሄዳል። ተራራ ባለበት ቦታ ተዳፋቱ ራሱ አየሩን ይገፋዋል። እርጥበት ያለው አየር እየወጣ ሲቀዘቅዝ ዳመና ይሆናል። 4 ሰዓት ላይ ጥጥ የሚመስሉ ትንንሽ ዳመናዎች ታያላችሁ። 6 ሰዓት ላይ እንደ ጎመን አናት ወደ ላይ ያድጋሉ። 7 እና 8 ሰዓት ላይ ታቻቸው ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ያለው መብረቅ፣ በረዶና ዶፍ ነው።

በበልግ፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ይህ ዑደት በጣም ግልጽ ነው። ጠዋቱ ያማልላል፤ ከሰዓት በኋላው ይቀጣል። በክረምትም አብዛኛው ከባድ ዝናብ ከቀትር በኋላና ሌሊት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ግን ጠዋቱም አይታመንም። በበጋ ሰማዩ ይጠራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ውርጭ አለው። እንግዲህ እኛ ሚያዝያ ላይ 7 ሰዓት ተኩል ጫፍ ላይ የነበርን ሰዎች፣ ከዳመናው ጋር የተቀጣጠርን ነበር የምንመስለው። እሱ በሰዓቱ መጣ።

ስለ መብረቅ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ሰው ከሁሉ አቅልሎ የሚያየው እሱን ነው። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ድምፁ እስኪሰማ ያለው እያንዳንዱ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ እናንተንም ሊያገኛችሁ ይችላል። ጫፍ ላይና ገላጣ ቦታ ላይ አትቁሙ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ረጅም ነው። ቁልቁል ውረዱ፣ ሰብሰብ ብላችሁ አትቁሙ፣ ተራርቃችሁ ሂዱ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጫፉ አትመለሱ። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ መስኮቱን ዝጉና እዚያው ቆዩ።

ሌላው ወንዙ ነው። ቀበናና ግንፍሌ የሚነሱት ከእንጦጦ ነው። ጠዋት ድንጋይ ለድንጋይ ዘላችሁ የተሻገራችሁት ጅረት ከሰዓት በኋላ ደራሽ ውሃ ሊሆን ይችላል። እናንተ ያላችሁበት ባይዘንብም ከላይ ከዘነበ ይመጣል። ቀይ ጭቃ የተቀላቀለበት ውሃ ካያችሁ አትሻገሩ፤ ጠብቁ። የተዳፋቱ ድጥ ደግሞ የታወቀ ነው። "ከድጡ ወደ ማጡ" የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው በእርግጠኝነት በዝናብ ተራራ የወረደ ሰው ነው።

አሁን ወደ አውሬው ልምጣ። ያን ዕለት "የሞታችሁ ምሰሉ" ያለው አስጎብኚ ክፉ ሰው አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው። ያየው ቪዲዮ ግን ስለ ድብ ነበር።

ድብ አፍሪካ ውስጥ የለም። አንድ ዘር በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች ይኖር ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ጠፋ ተብሎ ይታመናል። እኛ ዘንድ ድብ የምናውቀው በሥዕልና በመጫወቻ ነው። በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን ድብ የዕለት ጉዳይ ነው። እዚያ ያለው ትምህርት በዘመናት ልምድ የተገነባ ነው። እየተናገራችሁ ሂዱ፤ ድብ በድንገት እንዳትደርሱበት። ምግባችሁን ሽታ በማይወጣበት ዕቃ ዝጉ። ካጋጠማችሁ አትሩጡ፤ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ሂዱ። ድብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል መሮጥ ይችላል።

የሞተ መምሰል የሚሠራው በአንድ ሁኔታ ነው። ቡናማው ድብ፣ በተለይ ልጆች ያሏት እናት፣ ደንግጣ ስታጠቃ። እሷ የምትፈልገው ስጋቱ እንዲጠፋ ነው። ሰውየው በሆዱ ተኝቶ አንገቱን በእጁ ሸፍኖ ዝም ካለ ትታው ልትሄድ ትችላለች። ጥቁር ድብ ካጠቃ ግን ምክሩ ተቃራኒ ነው፤ ተጋፈጠው፣ ምታው ይባላል። አያችሁ፣ ከድብ ወደ ድብ እንኳ ምክሩ አይሻገርም። ከካናዳ ወደ እንጦጦ እንዴት ይሻገራል?

ጅብ የሚያስበው እንደ ድብ አይደለም። የወደቀ ይፈልጋል። ጥንብ ይበላል፣ ያድናልም። ከመንጋ ውስጥ የደከመውን፣ የተነጠለውን፣ የተኛውን ይመርጣል። ጅብ ፊት መተኛት ማለት የሚፈልገውን ነገር ሆኖ መገኘት ነው። ስለዚህ ነው ያ ምክር ዛሬም ሲታወሰኝ ሰውነቴን የሚወረኝ። አሥራ ስድስት ሰው እርጥብ መሬት ላይ ተኝተን ቢሆንስ?

የገጠር ሰው የሚያደርገው ሌላ ነው። ቆሞ ይጠብቃል። ቁመቱን ያሳያል። ይጮኻል። ዱላውን ያነሳል። ድንጋይ ይወረውራል። ባትሪ ካለው ዓይኑ ላይ ያበራል። ሕፃንና ደካማ ሰው መሃል ይገባል። ቡድኑ አይበተንም። ጀርባ ሳይሰጥ ቀስ ብሎ ወደ ቤት ወይም ወደ መንገድ ይሄዳል። አይሮጥም፤ ጅብ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል፣ ያውም ብዙ ርቀት ሳይደክመው። ዋሻና ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ ውስጡ ግልገል ካለ እናቲቱ አትታገስም። ደግሞም ለጅብ መውጫ ይተዉለታል። ጥግ የተያዘ እንስሳ ሁሉ ክፉ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለመሸበት ሰው መሆኑ ነው። ጅብ ቀን ዋሻውና ጥሻው ውስጥ ይተኛል። በጠራራ ፀሐይ ከቡድን ጋር የሚሄድን ሰው ይሸሻል እንጂ አይቀርብም። የሚወጣው ሲጨላልም ነው። እኔ በልጅነቴ አራት ኪሎ ሆኜ ሌሊት ሌሊት ከቀበና ሸለቆ ድምፁን እሰማ ነበር። ጠዋት ግን ማንም አያየውም። የተለያየን በቦታ ሳይሆን በሰዓት ነበር።

ጅብ ወደ ሰው የሚቀርብበት ምክንያትም ምግብ ነው፤ እኛ የምንጥለው ምግብ። የሥጋ ተረፈ ምርት፣ አጥንት፣ የሞተ እንስሳ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እዚህ ላይ በጣም ይገርመኛል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ውስጥ ያለውን ፀጉር እየለዩ ምን እንደሚበላ አጠኑ። በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋ መብላት ሲያቆም የሚጣለው አጥንትና አንጀትም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ጅቦቹ አህያ ማደን አበዙ። ፋሲካ ሲመጣ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። እኛ ስንጾም ጅቡ አመጋገቡን ይለውጣል ማለት ነው። ይህ በጾም ወቅት ሰው ይበላል ማለት አይደለም። ግን ምን ያህል ከእኛ ኑሮ ጋር እንደተሳሰረ ያሳያል።

የድቡም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ200 በላይ ሰዎች በድብ ተጠቅተዋል። አንዱ ምክንያት በዚያ ዓመት ድቦቹ የሚመገቡት የዛፍ ፍሬ ክፉኛ መቀነሱ ነው። ሌላው የገጠር መንደሮች ሰው እያጡ መሄዳቸው። ድቡ ምግብ ፍለጋ ወደ ሰፈር ወረደ። ከዚህ ለእኛ የሚጠቅመው ነገር ቀላል ነው። ተራራ ላይ የበላችሁትን ጥብስ አጥንት እዚያው አትጣሉ። በፌስታል ይዛችሁ ውረዱ። ዛሬ የጣላችሁት አጥንት ነገ ሌላ ቡድን የሚያርፍበትን ቦታ የጅብ ማዕድ ያደርገዋል። ፎቶ ለመነሳት ለዝንጀሮ ሙዝ መስጠትም እንዲሁ ነው። ዝንጀሮው ቦርሳ መንጠቅ የሚለምደው ከእኛ ነው።

በእኔ ግምት ግን ለአዲስ አበባ ተጓዥ ከጅብ ይልቅ የሚቀርበው ውሻ ነው። በእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በኩል ያሉ መንደሮች ውሾች በጎችና ግቢ ይጠብቃሉ። ሥራቸው ነው። አትሩጡ። ቁሙ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደምታነሱ አስመስሉ፤ ይህን ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይማር ያውቀዋል። ባለቤቱን ተጣሩ። ከነከሳችሁ ግን ቀልድ የለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው። "ትንሽ ጭረት ናት" ብሎ ሳምንት መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

እንግዲህ ዳመናውና ጅቡ ሁለቱም ሰዓት አላቸው። ዳመናው ከ7 ሰዓት በኋላ ይሠራል። ጅቡ ከ12 ሰዓት በኋላ። ሁለቱ የሚገናኙት በዘገየ ሰው ላይ ነው። በረዶ ያዘገየው ሰው ይመሽበታል። የመሸበት ሰው ጅብ ይሰማል። እኛ ያን ዕለት ሁለት አደጋ ያጋጠመን ይመስለን ነበር። አደጋው አንድ ነበር፤ የተፈጠረውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ ላይ፣ እየሳቅን ሰው ስንጠብቅ ነው።

አንድ የታደልነው ነገር አለ። የሰዓት አቆጣጠራችን። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው። 6 ሰዓት ስንል ፀሐይ አናት ላይ ናት ማለታችን ነው። 12 ሰዓት ስንል ልትገባ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ይህ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይዛነፍም፤ ክረምትም በጋም ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ ሆናችሁ ሰዓታችሁን እዩና ከ12 ቀንሱ። የቀረው የብርሃናችሁ መጠን ነው። 8 ሰዓት ከሆነ 4 ሰዓት ብርሃን አላችሁ። ሌላ ስሌት አያስፈልግም። ደግሞ ምሽቱ እዚህ ቶሎ ነው የሚወድቀው። አውሮፓ ውስጥ ድንግዝግዙ ረጅም ይሆናል። እኛ ጋ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

አትሌቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ስንቱ ሯጭ እንጦጦ ላይ ሠልጥኗል። ዛሬም ማልዳችሁ ብትወጡ ጉሙ ውስጥ ሲሮጡ ታገኟቸዋላችሁ። 4 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ግን አታገኟቸውም፤ ሠርተው ወርደዋል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም እንዲሁ። ማልደው ይነሳሉ፣ በቡድን ይሄዳሉ፣ ሰማዩን እያዩ ይሠራሉ። ተራራውን ለኑሮ የሚወጣ ሰው አይዘገይም። የምንዘገየው ለመዝናናት የምንወጣው ነን።

ጉዞ አዘጋጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመመለሻ ሰዓት ወስኑ። ጫፍ ደረስንም አልደረስንም በበልግና በክረምት 6 ሰዓት ላይ እንመለሳለን በሉ፤ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ይወቀው። ከባዱ ነገር ይህ እንደሆነ ይገባኛል። ሰው ገንዘብ ከፍሏል። ጫፉ 20 ደቂቃ ቀርቶታል። ፎቶ ይፈልጋል። "ትንሽ ነው የቀረው" የሚለው ቃል ግን ተራራ ላይ ከዶፉ በላይ አደገኛ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ያወጣል፤ ከመነሳታችሁ በፊት እዩት። ከዚያ ደግሞ በዓይናችሁ እዩ። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ስታዩ እንጦጦ ገና በጠዋቱ ጥቁር ዳመና ተከናንቦ ከሆነ ሌላ እሑድ አለ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ጥጥ ሲረጥብ አያሞቅም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። የመንዝ ሰው በርኖስና ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራው በከንቱ አይደለም። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ጥሩ የሱፍ ሹራብ በርካሽ ይገኛል። ደረቅ ቅያሪ በፌስታል አስራችሁ ያዙ። የዝናብ ልብስ፣ ባትሪ፣ ቆሎ ወይም በሶ። ስልካችሁን በፎቶ አትጨርሱት። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ጥሪ 939 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ደግሞ ቤት ለሚቀር ሰው ንገሩ። "እስከ 10 ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ" ማለት ሟርት አይደለም።

ከዚያ ሚያዝያ በኋላ ቡድን ለወጥኩ። አሁን የምሄድበት ቡድን ከመስቀል አደባባይ የሚነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ደቂቃ አይጨምርም። ባለፈው ሁለት ልጆች ቀሩ። አንዱ ስታዲየም ጋ ሆኖ ደወለ። "አምስት ደቂቃ አትጠብቁኝም?" ብሎ በጣም ተቆጣ። ሾፌሩ አልቆመም። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ጫፉ ላይ ቆመን ከተማዋን አየን። ጥጥ የሚመስሉት ዳመናዎች ገና ከየረር በኩል ብቅ ማለታቸው ነበር። 7 ሰዓት ሲሆን ሽሮሜዳ ሻይ ቤት ተቀምጠን ፓስቲ እየበላን ነበር። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው በረዶ ሲወድቅ ሁላችንም ዝም አልን። ሻይ የምትቀዳው ልጅ በሩን ገርበብ አደረገችና "እላይ ሰው አለ ይሆን?" አለች።